ቄሱ አልዘገዩም፤ የዘገየነው እኛ ነን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንባብያን ገጽ ላይ አንድ ወጣት የጻፈውን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። አባቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ቤተሰቡ ካቶሊክ ነው። ልጁ ሌሊት ለቁምስናው፣ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ማለት ነው፣ ደወለ፤ ቄሱ ሲደርሱ አባትየው አልፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቄሱ ላይ ነው። «ስልኩን ዘግቶ ይተኛል»፣ «ለሀብታም ቢሆን ይሮጥ ነበር»፣ «መጥቶም አልቀባውም፤ ጸሎት ብቻ አድርሶ ሄደ»። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምን አይልም? አልፈርድበትም። አንድ መስመር ላይ ግን ቆምኩ። «ሐኪሞቹ ተስፋ የለውም ካሉን ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር» ይላል።

ሦስት ሳምንት! ስልኩ የተደወለው ግን በመጨረሻዋ ሌሊት ነው።

ልጄ፣ አልቆጣህም። ያንተኑ ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ። ያውም ነርስ ሆኜ።

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት 31 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በውስጥ ደዌ ክፍል። ሰው እንዴት እንደሚሞት አውቃለሁ። እግር መቼ እንደሚቀዘቅዝ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚቆራረጥ፣ ዘመድ መቼ መጠራት እንዳለበት ማታ ማታ ለተለማማጅ ነርሶች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴ አባት ሲታመም ይህ ሁሉ እውቀት የት እንደገባ አላውቅም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መርካቶ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ከአርባ ዓመት በላይ ሰፍቷል። ጠዋት መኪናውን ከመርገጡ በፊት ያማትባል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው «እመቤቴ» ይላል፤ ከገባለት ደግሞ «ተመስገን» ብሎ ይቀጥላል። ትምህርተ ክርስቶስ የተማረው በልጅነቱ እምድብር ሚሲዮን ነው። ሰባቱን ምሥጢራት በቃሉ ይወጣቸው ነበር፤ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ክህነት፣ ተክሊል። እኛን ልጆቹንም እራት ሳንበላ ያስደግመን ነበር። ቀንዲል ላይ፣ በሽተኛ በዘይት የሚቀባበት ምሥጢር ላይ፣ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይል እንደነበር ትዝ ይለኛል።

በ2008 ዓ.ም. ሆዱን አመመው። ከሳ። የምርመራው ወረቀት መጀመሪያ የገባው እኔ እጅ ነው፤ ሐኪሙ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ጉበቱ ላይ ነው፤ ተሰራጭቷል። ወንድሞቼንና እህቴን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ለአባታችን ግን «ጨጓራ ነው፣ መድኃኒቱን ዋጥ» አልነው።

ይሄ እኛ አገር የተለመደ ነው። ሐኪም ክፉ ዜና የሚነግረው ለቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ይደብቃል። ጎረቤት ያውቃል፣ የዕድሩ ዳኛ ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል። በሽተኛው ብቻ አያውቅም። ማለቴ፣ የማያውቅ ይመስለናል።

ታናሽ ወንድሜ «አባን እንጥራለት» አለ። የቁምስናችንን ቄስ ማለቱ ነው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «ቄስ ሲያይ ይደነግጣል። ተስፋ ይቆርጣል። ገና ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግራችኋለሁ» አልኩ። ነርሷ እኔ ነኝና ሁሉም ዝም አለ።

አንድ ማክሰኞ ሾርባ እያጎረስኩት ሳለ «አባ ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናቸው አባባ። ሰላም ብለውሃል» አልኩት። አላሉም። አላየኋቸውምም።

ሐሙስ ደግሞ «እግራቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው?» አለ። «ተሽሏቸዋል» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፊቱን እያጠብኩት፣ «አባ በዚህ በኩል አያልፉም?» አለኝ። «ሥራ በዝቶባቸው ነው» አልኩና ፎጣውን ጨመቅሁ።

የእኛ ቤት ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለምነው። «ጥሩልኝ» አይልም። ልጆቹን ማስጨነቅ አይፈልግም፤ እኛ እሱን እንደደበቅነው እሱም እኛን ይደብቀናል። ሰሙን ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ወርቁ የገባኝ ከቀብር በኋላ ነው።

እሑድ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ራሱን ሳተ። ወንድሜ ታክሲ ይዞ ወደ ቁምስናው በረረ። አባ በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው መጡ። ከተጠሩ ሃያ አምስት ደቂቃ አይሆንም። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡን አልጋው ጎን ተንበረከኩ። የንስሐ ፍታት ሰጡት። ቅዱሱን ዘይት ግንባሩ ላይ፣ ከዚያ እጆቹ ላይ ቀቡት፤ እነዚያ መርፌ የጠቀጠቃቸው ጣቶች። እኛ «አሜን» እንላለን፤ እሱ የለም። ማለት አለ፣ ግን የለም።

ከዚያ አባ ከአንገታቸው ከተንጠለጠለችው ቦርሳ ትንሿን የቁርባን ዕቃ አወጡና ወደ እኔ ዞሩ። «መዋጥ ይችላል?» አሉኝ።

«አይችልም አባ።»

ነጩን ጨርቅ መልሰው አጠፉት። ዕቃዋን ወደ ቦርሳዋ መለሷት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አባቴ አረፈ።

ለሚሞት ሰው የሚሰጠውን ቁርባን ላቲኖቹ «ቪያቲኩም» ይሉታል። የመንገድ ስንቅ ማለት ነው። ስንቅ ምን እንደሆነ እኛ ሐበሾች እንንገራቸው እንጂ እነሱ አይነግሩንም! ለሁለት ቀን ሰርግ ለሚሄድ ሰው ቆሎና ዳቦ ቆሎ የምንቋጥር ሰዎች ነን። አባታችንን ግን ያለ ስንቅ ሸኘነው። ስንቁ በር ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ቄሱ አልዘገዩም። የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ።

ለምን እንደምንፈራ ሳስብ ብዙ ነገር ወደ ኋላ ይወስደኛል። አባቴ በተማረበት ዘመን ይህ ምሥጢር በላቲኑ «የመጨረሻ ቅባት» ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ያስደነግጣል። ቄስ ዘይት ይዞ ወደ አንድ ግቢ ከገባ ጎረቤቱ ነጠላውን ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን በፈረንጆቹ 1963 ይህንን አስተካክሏል። ምሥጢሩ በሞት አፋፍ ላይ ላሉ ብቻ አይደለም፤ ሰው በበሽታ ወይም በእርጅና አደጋ ላይ መውደቅ ሲጀምር ያን ጊዜ ሰዓቱ ደርሷል አለ። «የሕሙማን ቅባት» የሚለው ስም እንዲመረጥም አደረገ። በ1972 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ጳውሎስ 6ኛ ሥርዓቱን አሻሻሉ። ይህ ሁሉ ከሆነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ፍርሃቱ ግን እኛ ቤት አሁንም አለ። ከአባቴ ዝቅ ካለ ድምፅ ነው የወረስኩት።

በግእዙ ሥርዓት ደግሞ ስሙ ራሱ ሞትን አያነሳም። ቀንዲል መብራት ነው። መጽሐፈ ቀንዲል በደንቡ ሰባት ካህናት ይፈልጋል፤ ሰባት መብራት እየተበራ፣ ሰባት ጸሎት እየተደረሰ። ዛሬ ሰባት ካህን አንድ ላይ ከየት ይገኛል? አንዱንም በሌሊት ነው የምንጎትተው። ግን አስቡት። ሰባት ቄስ በበሽተኛ አልጋ ዙሪያ ቆሞ ሰባት ጸሎት እስኪያደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ሥርዓት ያወጡ አባቶች የታመመውን ሰው ተቀምጦ፣ ነቅቶ፣ እየሰማ ነው ያሰቡት። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ይላል። ጠሪው ማነው? በሽተኛው ራሱ ነው። የሚጠራ ሰው ደግሞ አፍ አለው።

«ከተቀባ በኋላ አይተርፍም» የሚሉ አሉ። ሆስፒታል ውስጥ ካቶሊክ ያልሆኑ ባልደረቦቼም ይሉኝ ነበር። እንዴት ይተርፍ! የምንጠራው ሲያጣጥር ነዋ። ጃንጥላ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ዝናብ ይመጣል ብሎ ጃንጥላውን እንደ መክሰስ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ልመለስ። «መጥቶም አልቀባውም» ያልከው ነገር በጣም ሳያንገበግብህ አልቀረም። ልንገርህ። ምሥጢራት ለሕያዋን ናቸው። ሰውየው ማለፉ ከታወቀ ቄስ አይቀባም፤ ለነፍሱ ይጸልያል። ነፍሱ ወጥታ ይሁን አይሁን ካጠራጠረ ግን ይቀባል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ እንዲህ ይላል። ራሱን የሳተ ሰውም ነቅቶ ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር ተብሎ ከታሰበ ይቀባል። አባትህ ዘንድ ሲደርሱ ሐኪሙ ፈርሞ ነበር ብለህ ራስህ ጽፈሃል። እንግዲህ አባ ምን ያድርጉ? ያደረጉት ጸሎት ትንሽ ነገር አይደለም። ንቀውህ አይደለም።

ከአባቴ በኋላ እናቴን ለመካስ ይሁን ራሴን እንጃ፣ በሌላ መንገድ ሄድኩ።

በ2011 ዓ.ም. የልብ ድካም ይዟት እግሯ አበጠ። 78 ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ የምትኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩና «እማዬ፣ ልብሽ ደክሟል። መድኃኒቱ ይረዳሻል፤ ግን እንደ ድሮው አይሆንም» አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። 31 ዓመት ሙሉ ለሰው ዘመድ ስናገር አልተንቀጠቀጠም።

ዝም አለች። ቀጥላ «ሐኪሙ ነው ያለው ወይስ አንቺ?» አለች።

«ሁለታችንም።»

«እና?»

«አባን ልጥራልሽ ብዬ ነው።»

«እኔን ለመቅበር እንዲህ ያስቸኮለሽ ምንድነው?» ብላ ቆጣ አለች። ትንሽ ቆይታ ግን «እንግዲያው ቡናው ይቆላ። ቄስ በባዶ ቤት አይገባም» አለች።

አባ በማግስቱ ጠዋት መጡ። አራት ፎቅ በእግር፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ተናዘዘች። እኛ ኮሪደር ላይ ወጣን። ኑዛዜው ረዘመ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከእኛ ጋር ቆመው «ኧረ ይቺ ሴትዮ ምን ሠርታ ነው?» አሉና ሁላችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። በኋላ ስንገባ እናቴ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። ቅባቱን ስትቀበል መዳፎቿን ራሷ ዘረጋች። «አሜን» የምትለው ከሁላችን ጮክ ብላ ነው። ቁርባን ተቀበለች። አባ ሁለተኛውን ሲኒ ጠጥተው ሄዱ።

እነሆ አራት ዓመት ኖረች! ዘይቱ ፈወሳት እያልኩ አይደለም፤ የልብ መድኃኒቷን በሰዓቱ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ተኛች። የሚያስጨንቃት ነገር አንድ ሆኖ ቀረ፤ የወንድሜ ልጅ አለማግባት።

ምሥጢሩ አንዴ ብቻ የሚሰጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ሰው ድኖ እንደገና ሲታመም፣ ወይም በዚያው በሽታ ሲብስበት ይደገማል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊትም ይቀባል። እናቴ በ2013 ወድቃ ዳሌዋን ተሰበረች። ኮሮና ነው፤ ሆስፒታል መግባት ጭንቅ ነው። ኦፕራሲዮኑ ሳይደርስ አባ ማስክ አድርገው መጡና በጥጥ ቀቧት፤ ጥጡን ኋላ ሊያቃጥሉት በወረቀት ጠቅልለው ያዙት። እናቴ ይህን አይታ «እኔም እንደ ምጣድ በጥጥ ታሰስኩ» አለች። አባም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

የመጨረሻው በ2015 ነው። ያን ጊዜ ለሁላችንም ግልጽ ነበር፤ ለእሷም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባ የቁርባኑን ትንሽ ቅንጣት ሰጧት። በማንኪያ ውኃ አስከተልኩላት። ዋጠች። እኔ ነርስነቴ አይለቀኝም፤ ጉሮሮዋን ነበር የማየው። ወረደ። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች።

አሁን ስለ ሌላው ጣጣ ላንሳ። ሁሉም ነገር የቤተሰብ ፍርሃት ብቻ አይደለም።

አንዱ መፈናቀሉ ነው። ድሮ ሰው ቁምስናው አጠገብ ይኖር ነበር። አባ ማን እንደታመመ ከልጆች ይሰማሉ። ዛሬ ግማሹ ምእመን ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ። እሑድ እሑድ ቀድሞ ወደሚያውቀው ቤተ ክርስቲያን በሁለት ታክሲ ይመላለሳል፤ ሲታመም ይቀራል። የቀረውን ማን ያስተውላል? ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ለየቤቱ የንስሐ አባት አላቸው። ጸበል ይዘው ይመጣሉ፤ ቤቱን ያውቁታል። «የእናንተስ የንስሐ አባት የት አሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ያሳፍረኛል። የእኛ ቄስ የቁምስናው ሁሉ ቄስ ናቸው። ሄደን ካልነገርናቸው አያውቁም። ጥንቆላ አልተማሩም።

ሁለተኛው ቁጥራችን ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከመቶ 0.7 ነበርን። በሌላ አነጋገር ከመቶ ሰው አንድ አንሞላም። በሽተኛው ራሱ ወይም አስታማሚው «ካቶሊክ ነው» ብሎ ካልተናገረ የክፍሉ ነርስ ልትገምት አትችልም። ሲያማትብ ብታየው ኦርቶዶክስ ይመስላታል። የአልጋ ቁጥር ሲሰጣችሁ ተናገሩ። ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ንገሩ። ነውር የለውም።

ሦስተኛው በር ነው። እናቴ ዳሌዋን ተሰብራ በተኛችበት ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) ጥበቃው አባን «የጥየቃ ሰዓት አይደለም» ብሎ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ አቆማቸው። አባ ሱሪና ጃኬት ነው የለበሱት። «ቄስ ነኝ» ቢሉት «ጥምጣሙስ?» አላቸው። ልጁ አልተሳሳተም፤ የሚያውቀው ቄስ ጥምጣም አለው። እኔ ወርጄ የቀድሞ መታወቂያዬን አሳይቼ ነው ያስገባኋቸው። መታወቂያ የሌለው ምን ያድርግ? ሆስፒታሎች ለሃይማኖት አባቶች፣ ለቄሱም ለሼኩም ለፓስተሩም፣ ከጥየቃ ሰዓት ውጭ የሚገቡበትን አንድ ቀላል ሥርዓት ቢያወጡ ምን ይጎዳል? አንድ ሰው ሩብ ሰዓት ገብቶ ቢወጣ ክፍሉ አይፈርስም።

ለአባቶችም አንድ ቃል አለኝ፤ ሁሉንም በእኛ ላይ ከጫንኩ አድልዎ ይሆናል። የቁምስና ጽሕፈት ቤት ስልክ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አይነሳም። አንድ ቄስ ትምህርት ቤትም ክሊኒክም ግንባታም ይዞ ስንቱ ጋ ይድረስ፣ ይገባኛል። ግን በከተማው ያሉ ቁምስናዎች ተስማምተው በየተራ አንድ የሌሊት ስልክ ቢይዙስ? እኛ ነርሶች የሌሊት ተራ ይዘን ኖረናል፤ ማንም አልሞተበትም። ደግሞም የካቲት 4፣ የዓለም የሕሙማን ቀን ሲመጣ በየቁምስናው ስለዚህ ነገር ረጋ ያለ ስብከት ይሰበክ። ቀኑን ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በፈረንጆቹ 1992 ሲመሠርቱ ከሉርዷ እመቤታችን በዓል ጋር ያያያዙት በዋዛ አይደለም፤ ሉርድ በሽተኞች ፈውስ ፍለጋ የሚሳለሙባት የፈረንሳይ ከተማ ናት። እኛ ጉራጌ አገር ያለው የአጣጥ ሆስፒታልም በሉርዷ እመቤታችን ስም ነው የተሰየመው። በዚያ ቀን አረጋውያን ተሰብስበው በቅዳሴ መካከል ሲቀቡ አይቻለሁ። ተራ ይዘው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እየተቀላለዱ። ሕፃናት ይህን እያዩ ቢያድጉ የእኔን ፍርሃት አይወርሱም።

ነርስ ነኝና ጥቂት የሥራ ነገር ሳልል ብቀር እቆጨዋለሁ። ቄስ በጠዋት ጥሩ። በሽተኛ የሚነቃው ጠዋት ነው፤ ማታ ይደክመዋል፣ ግራ ይጋባል። ሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ወይም በደንብ ካለፈ በኋላ ያለውን ሰዓት ነርሷን ጠይቁ። መዋጥ ከከበደው አስቀድማችሁ ለአባ ንገሯቸው፤ ቁርባኑን በጣም ትንሽ አድርገው ይሰጡታል። «ቁርስ በልቷልና ቀረ» አትበሉ፤ ለበሽተኛና ለሚያስታምመው የአንዱ ሰዓት ጾም ግዴታ አይደለም። ሲስተሮች ወይም የተፈቀደለት ምእመን ቁርባን ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ማናዘዝና መቀባት ግን የካህን ብቻ ነው፣ ስለዚህ «ሲስተር መጥታ ነበር» ብላችሁ አትዘናጉ። ሰውየው ሲናዘዝ ውጡ። ጆሯችሁንም ይዛችሁ ውጡ። ቴሌቪዥኑንም ዝጉት፤ አንድ ቤት አባ ሲቀቡ የእግር ኳስ ጨዋታ ይተላለፍ ነበር፤ ጎል ሲገባ ልጁ ከጸሎቱ መሀል ጮኸ።

ራሱን ለሳተ ሰውም ቢሆን ስሙን ጠርታችሁ «አባ መጥተዋል» በሉት። እኛ ነርሶች በሽተኛ ይሰማል ብለን ነው የምንናገረው። ለአባቴም ያን ሌሊት በጆሮው «አባ በዚህ በኩል አለፉ» ብዬዋለሁ። ሰምቶ እንደሆነ እሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

እኔ አሁን 67 ነኝ። ስኳርም ደምብዛትም አለኝ። ባለፈው ወር አንድ ወረቀት ጽፌ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩ። «ካቶሊክ ነኝ። ከባድ ሕመም ሲይዘኝ ቄስ ጥሩልኝ። ሳልደክም። በጠዋት።» ከሥሩ የቁምስናውን ስልክ ጻፍኩ። ልጄ ከሥራ መጥታ ስታየው ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «እማዬ ምን ተገኘብሽ? ደብቀሽኝ ነው?» ብላ ጮኸች። ምንም አልተገኘብኝም ብዬ ቡና አፈላሁላትና የአያቷን ታሪክ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች፣ እንደ አዲስ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ቀጥላ ቁጥሩን ለመሞከር ደወለች።

«የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» አለ። ቁጥሩ ተቀይሯል ለካ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዲሱን ልንጠይቅ ተቀጣጥረናል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ